የሄዱ ሰዎች ዕቃ

ከተመረቅሁ በኋላ ወደ ነቀምቴ በተመለስኩ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ከጓሮ ያለችው ጎረቤታችን አሮጌ አልጋ ገዝታ፣ ግቢ ውስጥ አጋድማ በላምባ ስትወለውለው፣ ሽታው በመስኮት ገብቶ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ፤ ዓይኔን ሳልገልጥ መጀመሪያ ያሰብኩት «አዮ ዛሬ ደግሞ የማንን ዕቃ አመጣች?» የሚለውን ነው። ለሌላው ሰው ላምባ የኩራዝ ሽታ ይሆናል። ለእኔ የቡፌና የቁምሳጥን ሽታ ነው።

አዮ የምላት እናቴን ነው፤ የአርጆ ልጅ ናት፣ እኛ ጋ እናት በኦሮምኛ እንደዚያ ትጠራለች። ልብስ ሰፊ ናት። አባዬ ደግሞ የቡሬ ሰው ነው፣ ጎጃም ተወልዶ፣ አማርኛ ሊያስተምር ነቀምቴ ተመድቦ፣ እሷን አግብቶ የቀረ። ቀረ ስል ግን እሱ ራሱ ቀርቻለሁ ብሎ አያምንም ነበር፣ የቤታችን ጣጣ ሁሉ የሚመጣውም ከዚያ ነው።

በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር የምንኖርበት የቀበሌ ቤት ውስጥ በአዲሱ ከሱቅ የተገዛ የቤት ዕቃ አልነበረም። ነቀምቴ የመንግሥት ሠራተኛ የሚመጣባትና የሚሄድባት ከተማ ናት፤ አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ዳኛው ከየአገሩ ይመደባል፣ ጥቂት ዓመት ይኖራል፣ ከዚያ ዝውውር ይደርሰውና ይሄዳል። ቡፌ በአይሱዙ ጭኖ አገር ማቋረጥ ደግሞ የማያዋጣ ነገር ስለሆነ፣ ሊሄድ ያለ ሰው አንድ ጠዋት ተነስቶ የበሩን መጋረጃ ያወርዳል። በእኛ ሰፈር መጋረጃ የወረደበት በር ማለት ግቡና እዩ ማለት ነበር። ጎረቤት ይገባል፣ ያያል፣ የሚፈልገውን ይወስዳል። ከሚሄድ ሰው ጋር አጥብቆ መከራከር ነውር ስለሆነ ገዢው ዋጋ ላይ ብዙ አይነዘንዝም፣ ሲወጣ «ነጋን ገላ» ይላል፣ በሰላም ግቡ ማለት ነው፤ ሻጩም «ተገልገሉበት» ብሎ ይመርቃል። ዕቃው ከዚያ በኋላ በሄደው ሰው ስም ይጠራል። የዳኛው ቡፌ፣ የነርሷ ቁምሳጥን፣ የመምህር ግርማ ሶፋ። ዳኛው ከሄደ ዘመን ቢሆነውም ቡፌው የዳኛው ነው፣ የእኛ ሆኖ አያውቅም።

እኛ ቤት ደግሞ ነገሩ ባሰና «የ» የምትለዋም ቀረች። አዮ እንግዳ ሲመጣ «ሌሊሴ፣ ከዳኛው ብርጭቆ አምጪ፣ ከነርሷ ደግሞ ንጹሕ ፎጣ» ትለኝ ነበር። አንዴ ከአርጆ የመጣች አክስቴ ይህን ሰምታ፣ ከጎረቤት እንድበደር የሚልኩኝ መስሏት፣ «ኧረ ተዉ፣ ለእኔ ብላችሁ ሰው አታስቸግሩ» ብላ ከመቀመጫዋ ተነስታ ነበር።

ዕቃ የሚገኘው በክረምት ነበር። ትምህርት ተዘግቶ ዝውውሩ ሲለጠፍ፣ የወለጋ ዝናብ ደግሞ እኔ ነኝ ያለ ዝናብ ነው፣ ጠዋት ይጀምርና ማታም ያው ነው፣ አዮ ጃንጥላዋን ይዛ፣ ላስቲክ በብብቷ አድርጋ፣ እኔን በእጇ እየጎተተች መጋረጃ የወረደበትን በር ስታስስ እንውል ነበር። እንዲያውም መጋረጃው ሳይወርድ ታውቅ ነበር። ልብስ ሰፊ ስለነበረች ወሬው ቀድሞ የሚደርሰው እሷ ጋ ነው፤ ሰው የሻንጣ ዚፕ ሊያስቀይር ከመጣ፣ ወይ ለሚቀጥለው ዓመት የልጆቹን ዩኒፎርም ሳያሰፋ ዝም ካለ፣ «ይሄ ሰው ሊሄድ ነው፣ ጥሩ ኮመዲኖ አለው» ትል ነበር። እኔ በጣም ነበር የማፍረው። ሰዎቹ እኮ ገና አልሄዱም፣ ልጆቻቸው አብረውኝ የሚማሩ ናቸው፣ እሷ ግን ሻይ እየጠጣች በዓይኗ ቁምሳጥናቸውን ትለካ ነበር።

የመጣው ዕቃ ቀጥ ብሎ ቤት አይገባም። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ግቢ ውስጥ ይቆማል፣ አዮ ጨርቅ ላምባ ውስጥ እየነከረች ስንጥቁን፣ መገጣጠሚያውን፣ የመሳቢያውን ሥር ሁሉ ትወለውላለች፣ ትኋን ካለ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ፀሐይ እስኪወጣ ይጠበቃል፣ በሐምሌ ፀሐይ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አባዬ ከውጭ ሲመለስ፣ ግቢው መሃል ሌላ ሰው የተኛበት አልጋ ቆሞ ያገኝና፣ ጃንጥላውን ሳያጥፍ ትንሽ አየት ያደርገው ነበር።

«ጫልቱ፣ ለምንድነው የምትደክሚው? ዘንድሮ እንሄዳለን እኮ።»

«ስንሄድ እንሄዳለን። እስከዚያ መሬት ላይ እንተኛ?»

ይህ ንግግር በየዓመቱ ነበር። አባዬ ዝውውር በየዓመቱ ይጠይቅ ነበር፣ ወደ ቡሬ፣ ባይሆን ቡሬ አካባቢ። ልብሱን ነርሷ ውስጥ አይሰቅልም፣ ከሻንጣው እያወጣ ለብሶ፣ ታጥቦ ሲደርቅ መልሶ ሻንጣው ውስጥ ያጥፍ ነበር። መጽሐፎቹ ካርቶን ውስጥ ነበሩ፣ አንዱን ሲፈልግ ሁሉንም ያወጣል፣ ሁሉንም ይመልሳል። ከቤቱ ዕቃ እሱ ወዶ ያሠራው አንድ ብቻ ነበር፣ ደብተር የሚያርምባት ትንሽ የዋንዛ ጠረጴዛ፤ እሷንም የወደዳት እግሮቿ ተፈታትተው በሻንጣ ልክ ስለሚታሰሩ ይመስለኛል።

መስከረም ሲጠባ አዮ ቤቱን ትገለብጠው ነበር። ግድግዳው ኖራ ይቀባል፣ ዝናብ ያረጠበው ጥግ በጭቃ ይለሰናል፣ ከሰው ልብስ ተርፎ ሲጠራቀም የከረመው ቁራጭ ጨርቅ የሶፋ ልብስ ይሆናል፣ አንድ ዓመት አረንጓዴና ቡኒ፣ አንድ ዓመት ደግሞ የሙሽራ ሚዜዎች ቀሚስ ተርፎ ሮዝ ሳቲን ለብሰን ከርመናል፣ እንግዳ በተቀመጠ ቁጥር እየተንሸራተተ ይወርድ ነበር። ከዚያ ማዞር ይጀመራል። ዳኛው ከበሩ ፊት ለፊት ይነሳና ወደ ጓዳው አፍ ይሄዳል፣ ነርሷ መሃል ትገባና አንዱን ክፍል ለሁለት ትከፍለዋለች፣ በነርሷ ጀርባ የሚፈጠረው ጥግ የእኔ መኝታ ይሆናል። ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋዬ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። አንዳንዴ ደስ ይለኝ ነበር፣ ቤት የቀየርን ይመስለኛል። አንዳንዴ ግን፣ ፈተና ባበላሸሁ ቀን ለምሳሌ፣ ቀጥ ብዬ ሄጄ ልተኛበት ያሰብኩት ቦታ ላይ የሽንኩርት ቅርጫት ሳገኝ አለቅስ ነበር። አባዬ ደግሞ ቅልጥሙን ከቡፌው ጋር እየተጋጨ «ይሄ ዳኛ እዚህ ምን ይሠራል?» ይላል እንጂ፣ ለምን ተዞረ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው የመናኸሪያው ወንበር ቢዞር ምን ይገደዋል?

በጋ ላይ ቤቱ ለአዮ የጸሎት ጓደኞች ነበር የሚዘጋጀው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ሶፋውና ዱካው ሁሉ ዙሪያውን ይሰለፋል፣ ይዘመራል፤ አባዬ ኦርቶዶክስ ስለሆነ ሰላም ብሎ፣ ጠረጴዛውን ይዞ ወደ ግቢ ይወጣና ማንጎው ሥር ደብተር ያርም ነበር። ክፋት አልነበረውም። እንዲያው የትም ቦታ ዳር ዳሩን የሚሄድ ሰው ነበር። ገበያ አብሬው ስሄድ ይገባኝ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ተማሪ የሚያስቅ፣ ቃል የማያጥረው ሰው፣ ሽንኩርት ሻጯ ፊት ሲቆም ኦሮምኛው ይተሳሰርበታል፣ እሷ ራሷ አዝና ወደ አማርኛ ትቀይርለታለች፣ እሱ ደግሞ እንደገና በኦሮምኛ ይጀምራል፣ በመጨረሻ «ሌሊሴ፣ ንገሪያት» ይለኛል። ቡሬ ያለችው እናቱ ደግሞ በበዓል በስልክ «መቼ ነው የምትመጣው ልጄ?» ትለው ነበር፤ እሱም «ዘንድሮ» ይላታል። እሷም አታምንም፣ እሱ ግን ያምን ነበር።

አዮ መሄድ አትፈልግም ነበር። ይህን ለመረዳት ጎበዝ መሆን አያስፈልግም፤ ደንበኞቿ እዚህ፣ ወንድሞቿ አርጆ፣ ቤቱም የቀበሌ ነው፣ አንዴ ቁልፉን ካስረከብሽ ተመልሰሽ አታገኚውም። እኔም አልፈልግም ነበር። ቡሬን የማውቀው በስልክ ድምፅ ብቻ ነው። ግን እኛ ቤት «አልሄድም» የሚል ሰው አልነበረም፣ «እንሄዳለን» የሚልና ዕቃ የሚያመጣ ብቻ ነበር።

ስድስተኛ ክፍልን የጨረስኩ ክረምት ዝውውሩ እውነት መጣ። አባዬ በዝናብ ርሶ ገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ሳሎኑ መሃል ቆሞ «ደረሰኝ» አለ። ሲስቅ አይቼው የማላውቀውን ሳቅ ነበር የሳቀው። አዮ የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጧን አቆመች፣ የምትሰፋውን ሱሪ አጥፋ አስቀመጠች፣ «እንኳን ደስ ያለህ» አለችው፣ ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ የበሩን መጋረጃ አወረደች።

«ምን አስቸኮለሽ?»

«ዝውውር የደረሰው ሰው ምን ያደርጋል?»

«ቢያንስ ዝናቡ ያባራ።»

«ሰው በዝናብም ይመጣል» አለች፣ መጣም። መጋረጃችን መውረዱ ገና ሳይወራ ሰፈሩ ሁሉ ገባ፤ ያን ሁሉ ዓመት ከሌላው ስትወስድ የኖረች ሴት ዛሬ ልትሰጥ ነው፣ ማን ይቀራል። አዮ አልተከራከረችም፣ አልመረጠችም። ነርሷ ሄደች። የመምህር ግርማ ሶፋ ልብሱን እንደለበሰ ሄደ። ዳኛውን ለማውጣት በሩን ከማጠፊያው መንቀል ነበረባቸው፣ ሲወጣም ከኋላው ያለው ግድግዳ በክረምቱ እርጥበት ጠቁሮ ነበር። እኔ ካርቶኖቹ ላይ ተቀምጬ አየሁ፣ ማንም አላናገረኝም፣ አዮን አየት አየት እያደረግሁ ፊቷን ለማንበብ ብሞክርም ዕቃ እንደሚገዛ ሰው ፊት ነበር፣ ምንም የለበትም።

አዴ ብርቄ፣ አዴ ማለት እንደ ወይዘሮ ነው፣ አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን ናት፣ ከአዮ ጋር በቀን ሦስቴ ካልተሳደቡ የማይሆንላቸው። እሷ ዘግይታ መጣችና፣ ዙሪያውን አይታ፣ «አንቺ ጫልቱ፣ ለእኔ ምን አስቀረሽልኝ? ትኋኑን?» አለች። ከአዮ የስፌት መኪና ሌላ የቀረው የአባዬ የዋንዛ ጠረጴዛ ብቻ ነበር፣ እጇን ጣል አደረገችበት። አባዬ አፉን ከፈተ፤ ግን ከሚሄድ ሰው ቤት የተጠየቀ ዕቃ አይከለከልም፣ ይህን እሱም ያውቃል፣ ደግሞ ራሱ ነው የሚሄደው። «ውሰጂው» አላት። እሷም «ነጋን ገላ፣ ኦቦ አያሌው» ብላው አንጠልጥላ ወጣች።

ዝናቡ ቀለል ብሎ ነበር። አባዬ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር፣ እኔም አጠገቡ፣ ከአጥሩ ወዲያ የአዴ ብርቄ ግቢ ውስጥ የእህቷ የሚመስል የሴት ድምፅ ተሰማን።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

«የኦቦ አያሌው ነው» አለች አዴ ብርቄ። «እዚህ ያስተምር የነበረ ሰው። ጥሩ ሰው ነበር።»

ነበር አለች። ሰውየው እኮ ከአጥሩ ማዶ ቆሟል፣ ጫማው ገና አልደረቀም። እኔ ሳቄ መጣና አባዬን ቀና ብዬ ሳየው ሳቄን ዋጥኩት። ለዳኛው፣ ለነርሷ፣ ለመምህር ግርማ ሲደረግ የኖረው ነገር ነው፣ ማንም ተንኮል አላሰበም፤ ግን እሱ በዚያ ሁሉ ዓመት ስማቸውን ሲጠራ አንድም ቀን ወደ እነሱ ተርታ እንደሚገባ አላሰበም መሰለኝ። ወደ ውስጥ ገባ፣ የሚቀመጥበት ፈለገ፣ የለም፣ ጄሪካን ላይ ተቀመጠ።

«ብርቄ ድሮ የሄድኩ አድርጋ ነው የምታወራው» አለ።

አዮ እየጠረገች ነበር፣ ቀና አላለችም። «ሄደህ የለ እንዴ? አንተ እኮ ከመጣህ ጊዜ ጀምሮ እየሄድክ ነው። እኛ ነን ተቀምጠን ዕቃ የምንገዛው።»

ያን ቀን ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈን አደርን። በማግሥቱ አባዬ ጃንጥላውን ይዞ ወደ ቢሮ ሄደና ከምሳ በፊት ተመለሰ፣ ግቢ ውስጥ እግሩን ከጭቃው እያጠበ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ትቼዋለሁ» አለ። አዮ ታለቅሳለች ወይ ታቅፈዋለች ብዬ ጠበቅሁ። «ታዲያ አሁን ምን ላይ ልትቀመጥ ነው?» አለችው።

እውነቷን ነው፣ ምንም አልነበረንም። የሄደ ዕቃ በሄደበት በር አይመለስም፣ ሊመልሱልን የመጡ ነበሩ፣ አዮ ናት እንቢ ያለችው። አዴ ብርቄ ጠረጴዛዋን በአጥሩ ላይ አንስታ «ኦቦ አያሌው፣ ሰውየው ከተመለሰ ጠረጴዛውም ይመለስ እንጂ» ብትል፣ አባዬ «አይ፣ የዚያኛው አያሌው ነው፣ ይቅርብኝ» አላት። አዴ ብርቄ ይህን ቀልድ ለሰፈሩ ሁሉ ስትነግር ከረመች። በዚያው ሳምንት አንዲት አዋላጅ ዝውውር ደርሷት መጋረጃ ስታወርድ፣ አዮ ጃንጥላዋን ስታነሳ አባዬም ተነሳ። አብሯት ሄዶ አያውቅም ነበር። የሰው ቤት ገብቶ እንደ ተማሪ ዳር ቆመ፣ ከዚያ እንጨት መደገፊያ ያለውን ረጅም ወንበር ነካ ነካ አደረገና «ይህ ይሻላል» አለ፤ አዮ ሌላ ነበር ያየችው፣ ግን እሱን ገዛች። ሲወጡ «ነጋን ገላ» ለማለት ምላሱ ተሳሰረበት፣ ሴትየዋ ግን ገባት።

ቀርቶ የተጎዳ ሰው ነው ብዬ አላስብም፣ ሙሉ ለሙሉ ተጠቅሟልም አልልም። በየክረምቱ በጊዳ በኩል ዓባይን ተሻግሮ እናቱን ጠይቆ ይመለስ ነበር፤ በኋላ ኪራሙ አካባቢ ሰላም ሲጠፋ ያ መንገድ ተዘጋ፣ ስልኩም አንዳንዴ እሺ አንዳንዴ እምቢ ይል ጀመር። አያቴ ያረፈችው መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ ነው። መርዶው ሲመጣ አዮ ሳሎኑን ባዶ አደረገችው፤ አዋላጇም ወጣች፣ ከዚያ በኋላ የመጡትም ሁሉ ወጡ፣ ፍራሽ ተነጠፈ፣ አባዬ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሰው መጣ። ሽንኩርት ሻጯ መጣች፣ የአዮ የጸሎት ጓደኞች መጡ፣ ተማሪዎቹ መጡ፣ አያቴን አንዳቸውም አያውቋትም። አዴ ብርቄ ደግሞ እንደ ገዛ እናቷ አለቀሰች። አባዬ «አሜን፣ አይንካችሁ» እያለ ሁሉንም ተቀበለ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ያን ቀን አልተሳሰረበትም። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ዕቃውን ወደ ቤት የመለሰው እሱ ነው፣ ማንም እንዳይረዳው ከልክሎ፣ እያንዳንዱን ከነበረበት አድርጎ።

ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ዕቃ አይዞርም። የአዮ ወገብም አያሠራትም፣ ዓይኗም ደክሟል። እኔ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ቤት ነኝ፣ ስልኬ ላይ አሮጌ ቤት እንዴት አዲስ እንደሚመስል ስመለከት እውላለሁ፣ ቴሌግራም ላይ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡትን እከታተላለሁ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር ደግሞ አልፈጠረብኝም። ባለፈው ረጅሙን ወንበር መስኮቱ ሥር ላድርገው ብዬ አንዱን ጫፍ ሳነሳ አባዬ ከጓዳ ወጣ።

«ሌሊሴ፣ ተይው።»

«አባዬ፣ እዚያ ብርሃን ያገኛል።»

«ሰው ሲመጣ የሚቀመጥበትን ያውቃል፣ ተይው።»

አዮን አየኋት። ያን ሁሉ ዘመን ቤት ስትገለብጥ የኖረች ሴት ትከሻዋን ነቅንቃ መርፌዋ ውስጥ ክር ማስገባቷን ቀጠለች።

ያኔ ቤቱ በየወቅቱ መልኩን ሲቀይር አባዬ ልብ አይለውም ነበር፤ አሁን አንዲት ዱካ ስንዝር ብትነሳ ያውቃል። ያኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋዬን እፈልግ ነበር፤ አሁን መብራት ጠፍቶም ምንም ሳልነካ እስከ ጓዳ እደርሳለሁ። እኔ እንደሆነ ወንበሩ መስኮቱ ሥር ቢሆን ይሻላል፣ አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን ትናንት ጠዋት አዴ ብርቄ እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ ገባች፣ ከበሩ የጀመረችውን ወሬ ሳታቋርጥ፣ ወደ ኋላዋም ሳታይ ረጅሙ ወንበር ላይ ተቀመጠች።